ተዋናዩ የታመመ ዕለት

ያን ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ደመና የለ፣ ነፋስ የለ፤ ያጠብኩትን መጋረጃ ገመድ ላይ አስጥቼ ዞር ከማለቴ ደርቆ አገኘሁት። ባሌ ግን ጭጋግ ውስጥ ነበር። ከቤታችን ብዙ በማይርቅ አዳራሽ ውስጥ በር ተዘግቶበት፣ አፍንጫው ሥር ያለውን እንኳ በማያሳይ ጭጋግ፣ አንድ ሞተሩ የጠፋበትን አውሮፕላን ለማሳረፍ ይታገል ነበር። ጭጋጉን ያዘዘበት ፈታኙ ነው። ሞተሩንም ያጠፋበት እሱው ነው። ደመወዝ የሚከፈለው ለዚህ ነው።

አውሮፕላኑ የእውነት አይበርም። ሲሙሌተር ይሉታል። በወፋፍራም የብረት እግሮች ላይ የቆመ ትልቅ ነጭ ሣጥን ነው፤ ውስጡ ግን ከእውነተኛው የአብራሪዎች ክፍል አይለይም አሉ። ይንቀጠቀጣል፣ ያጋድላል፣ መስኮቱ ላይ ዝናብ ይዘንባል። አንድ ጊዜ የሠራተኛ ቤተሰብ ይጎብኝ ተብሎ ገብቼበታለሁ። ስወጣ የበላሁትን በሙሉ መለስኩት። ሰውን ከመሬት ሳያነሱ ለማጥወልወል ይህን ሁሉ መሐንዲስ መሰብሰባቸው ገረመኝ፤ የሰፈራችን አውቶቡስ ያለ አንድ መሐንዲስ ይችልበታል።

ባሌ ረዳት አብራሪ ነው። ረዳት አብራሪ ማለት በቀኝ ወንበር የሚቀመጥ ማለት ነው፤ በግራ የሚቀመጠው ካፒቴን ነው። ሁለቱም ያበራሉ፣ ሁለቱም እኩል ይደክማሉ፣ አያድርስና ቢወድቁም እኩል ነው የሚወድቁት። ልዩነቱ ትከሻ ላይ ያለች አንድ መስመር ናት። ረዳቱ ሦስት አለው፣ ካፒቴኑ አራት። ያቺን አራተኛ መስመር ለማግኘት ከፍተኛውን የአብራሪነት ፈቃድ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። አማቴ ልጃቸው ገና ለፈተናው ሲመዘገብ ባለ አራት መስመሩን የትከሻ ምልክት አስገዝተው ሣጥናቸው ውስጥ ቆልፈውበታል። ልጃቸውን ያምናሉ። እናት ናቸው፣ ምን ያድርጉ።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ባሌን «በረዶው» ነው የሚሉት፤ ስለማይደነግጥ። ልጃችንን ልወልድ ምጥ ላይ ሆኜ ጣሪያ እስኪነቃነቅ ስጮህ እሱ ኮሪደሩ ላይ ጋዜጣ ያነብ ነበር። ይህን ለጓደኞቹ ያወራው ራሱ ነው፣ በኩራት። ሆኖም ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ጨዋ ነው፤ እንዲያውም ጨዋነት በዝቶበታል። ሰው ቆሞ እሱ አይቀመጥም። ዕቃ የወደቀበት ሰው ካየ ከባለቤቱ ቀድሞ ጎንበስ ይላል። ለሰላምታ የጠየቁትን ጥያቄ እንደ እውነተኛ ጥያቄ ቆጥሮ በዝርዝር ይመልሳል። ይህ ጠባይ ለጎረቤት ጥሩ ነው። ለፈተና ግን እንደማይሆን ኋላ ላይ ታዩታላችሁ።

ፈተናው የመመዘኛ መጽሐፍ አለው። እኔ ትምህርት ያቆምኩት ከሰባተኛ ክፍል ነው፤ ልጃችን እየተረጎመችልኝ ግን የማልፈልገውን ያህል አውቄዋለሁ። ከፍታው ከተባለው በመቶ ጫማ መብለጥም ማነስም የለበትም። አቅጣጫውም እንደዚሁ በዲግሪ ተለክቷል፣ ፍጥነቱም ተለክቷል። ተፈታኙ ከልኩ ወጣ ብሎ ቶሎ ካስተካከለ ይታለፍለታል፤ ወጥቶ ከቀረ ወድቋል። ጥሩ መጽሐፍ ነው። ትዳር ላይም ቢሠራበት ምን ነበረበት? ባሌን «ለእራት እደርሳለሁ» በሚልበት ሰዓት መዝኜው ቢሆን ፈቃዱን ገና ድሮ በነጠቅኩት።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ስለ ማዘናጋት የሚለው ነው። ፈታኙ ተፈታኙን ሆን ብሎ ማዘናጋት አለበት ይላል። ቀልድ አይደለም፣ ተጽፏል። አብራሪ በእውነተኛው ሥራ ላይ ሺህ ነገር ስለሚያዘናጋው ከወዲሁ ይታይ ነው ነገሩ። እኔ ይህን ሥራ ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ፣ ልጅ እየጠራችኝ፣ አማት እየጠሩኝ፣ ደንበኛ በር እያንኳኳች ዕድሜ ልኬን ተፈትኜበታለሁ። የትከሻ ምልክት የሰጠኝ የለም።

ፈታኙን «ተዋናዩ» ይሉታል። ከመብረር በጡረታ የወረደ አዛውንት ካፒቴን ነው፤ የስኳር በሽታ አለበት፣ ሰው ማዘናጋት ደግሞ ነፍሱ ነው። ከአብራሪዎቹ ጀርባ ይቀመጥና እንደ ሰከረ መንገደኛ በር ይደበድባል። እንደ ሕፃን ያለቅሳል። የመቆጣጠሪያ ማማውም ድምፅ እሱው ነው፤ ተፈታኙ በሬዲዮ ሲጠራ ከኋላው ሆኖ አፍንጫውን ያዝ አድርጎ ይመልስለታል። አየሩም፣ ማማውም፣ ሰካራሙም፣ የሞተሩም ብልሽት አንድ ሰው ነው። ይህን ሁሉ ሆኖ ደግሞ ይፈርዳል።

ባሌ መጀመሪያ የወደቀው በእስክሪብቶ ነው። ተዋናዩ ሆን ብሎ እስክሪብቶውን ጣለ። ባሌ የሽማግሌ ዕቃ ወድቆ ዝም አይልም፤ ጎንበስ ብሎ አነሳለት። ቀና ሲል አውሮፕላኑ ከፍታውን ለቆ ወርዷል። «እግዜር ይስጥልኝ፣» አለው ተዋናዩ፣ «ወድቀሃል።»

ሁለተኛው ጊዜ የከፋ ነው። ሊያርፍ ሲቃረብ ተዋናዩ «ለመሆኑ እናትህ እንዴት ናቸው?» አለው። ባሌም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸውን ብቻ ነው። ሲቀመጡ ምንም አይላቸውም፣ ሲነሡ ነው…» እያለ ሲያስረዳ አውሮፕላኑ ወደ ሌላ አገር ዞሯል።

አማቴ ይህን ሲሰሙ ቆይተው ቆይተው «በእኔ ጉልበት ነው የወደቀው?» አሉ።

«አዎ እማማ።»

«ውይ ልጄን! እንኳንም ለዓይኔ አልደረሰ።» ዓይናቸውም ያማቸዋል፤ ያን ቢጨምርበት አውሮፕላኑ የት እንደሚደርስ እግዜር ይወቅ።

የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የሚፈቅደው። ሦስተኛውን የወደቀ እስከ ጡረታው በቀኝ ወንበር ይኖራል። ባሌም የሦስተኛው ቀን ሲቆረጥለት ቤታችንን ወደ ማሠልጠኛ ለወጠው። የአውሮፕላኑን የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ በትልቅ ወረቀት አሳትሞ ቁም ሣጥናችን ላይ ለጠፈው። የምግብ ጠረጴዛውን ወንበር ፊት ለፊቱ አኖረ፣ የመጥረጊያ እንጨት በእጁ ያዘ፣ እኛን ከኋላው ደረደረንና «አዘናጉኝ» አለ።

ልጃችን «እንዴት አድርገን?» አለችኝ።

«እንደ ሁልጊዜው ሁኚ፣» አልኳት።

ጀመርን። ልጅቷ «አባዬ፣ ሒሳብ ወድቄያለሁ!» ትላለች፤ እሱ «ከፍታ ሦስት ሺህ፣ ፍጥነት ልክ» ይላል። አማቴ «ጉልበቴን!» ይላሉ፤ እሱ ቁም ሣጥኑን ያያል። እኔ ስፌት መኪናዬን ከጀርባው አምጥቼ አንጓጓለታለሁ፤ እሱ ቁም ሣጥኑን ያያል። እያደር እንዲህ ሆነ፦ እኛ ስንጮህ ፊቱ ይበልጥ ይረጋል። አንድ ቀን ደግሞ በዚህ ሁሉ ጫጫታ መሀል ምድጃ ላይ የጣድኩትን ድስት ረሳሁት። ጭሱ ሳሎን ገባ።

«አንተ ሰውዬ፣ ተነስ! ድስቱ አረረ! መስኮት ክፈት!» አልኩት።

«ጎበዞች!» አለ ሳይዞር። «ሽታም ጨመራችሁበት!»

ድስቱን ጣልኩት። እሱ ያን ቀን ቁም ሣጥኑን በሰላም አሳርፏል።

ከዚያ ያ ጥርት ያለው ቀን መጣ። የሆነውን የነገረችኝ በፈተናው በቀኝ ወንበር የተቀመጠችው ወጣት ረዳት ናት፤ ቀሚስ ልታሳጥር ስትመጣ ቁጭ ብላ አንድ በአንድ አወራችኝ፣ አንዴ እያለቀሰች አንዴ እየሳቀች።

«እትዬ፣ ካፒቴኑ ያን ጠዋት የስኳር መርፌውን ተወግቶ ቁርስ ሳይበላ ነው የመጣው። እኛ በምን እናውቃለን? ሞተሩን አጠፋብን፣ ጭጋጉን ለቀቀብን፣ ከዚያ በማማው ድምፅ ‹ወደ ግራ ታጠፉ› ካለ በኋላ ‹አይ… በሩን… እናቴ ቤት…› አለ። እኔ ባልሽን አየሁት። ፈገግ አለ። ‹ዛሬስ ብሶበታል› አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ከወንበሩ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ዷ! አለ።»

«አልዞራችሁም?»

«እትዬ ሙች፣ ማን ይዞራል! እንደ ሕፃን ሲያለቅስ የሰማነው ሰውዬ ነው።»

ባሌ ግን እንዲሁ ዝም አላለም፤ መጽሐፉ የሚለውን አንድም ሳያስቀር አደረገ። መጀመሪያ አውሮፕላኑን አረጋጋ። ከዚያ ሬዲዮውን ከፍቶ ለማማው «ከኋላ የታመመ ሰው አለብን፤ አምቡላንስ ማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ይጠብቀን» ብሎ ጠየቀ። ማማው ወለሉ ላይ ተዘርሮ ነበር። መልስ የለም። ደግሞ ጠራ። መልስ የለም። ባሌም ለረዳቷ «ሬዲዮውንም አበላሸብን፤ ገጹን አውጪው» አላት። ሬዲዮ ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ የሚናገረውን ገጽ አወጣችለት። በአንድ ሞተር፣ በዚያ ጭጋግ፣ ያለ ሬዲዮ፣ ሕመምተኛ ከኋላው እያጣጣረ፣ አውሮፕላኑን እንደ ዕንቁላል አስቀመጠው። መቶ ጫማ ቀርቶ አንድ ክንድ እንኳ አልሳተም። ሞተሩን አጠፋ፣ ፍሬኑን ያዘ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አጣጥፎ ፊት ፊቱን እያየ «ጨርሻለሁ ካፒቴን» አለ።

ዝም።

የዞረችው እሷ ናት። ጮኸች።

«አትደንግጪ፣ ውጤት ገና አልተነገረንም፣» አላት በረዶው።

ከዚያ እሱም ዞረ። የሰውዬው ከንፈር ነጭ ሆኗል፣ ሸሚዙ በላብ ረጥቧል። ረዳቷ እንደነገረችኝ ባሌ ቀበቶውን እንዴት እንደፈታ አላየችውም። ሽማግሌውን እንደ ልጅ ታቅፎ በዚያ በጠባብ ደረጃ ወረደ፤ ስኳሩ እንደወረደበት ገብቶት ከሻይ ክፍሉ ስኳር አስመጥቶ በጣቱ ድዱ ላይ ያሸው ጀመር። አምቡላንሱም መጣ፤ ማኮብኮቢያ ጫፍ ላይ ሳይሆን በጓሮ በር። ሐኪሞቹ «ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ…» አሉ። ሐኪሞች ሁልጊዜ እንዲህ ይላሉ፣ የዚያን ዕለት ግን ያሉት እውነት ነበር።

ወሬው ሳይመሽ አገር አዳረሰ። ባልደረቦቹ ኮሪደር ላይ ሲያገኙት «በረዶው፣ እኔ ስሞት እባክህ ቶሎ አሳርፍ» ይሉት ጀመር። የበላዮቹ ደግሞ ጉባኤ ተቀመጡ። ማሽኑ የበረራውን ልክ ሁሉ መዝግቦት ኖሮ እንከን አልተገኘበትም። አንዱ «ከዚህ በላይ የተፈተነ ሰው አላየሁም፣ ይለፍ» አለ። ሌላው «ፈታኝ ያላየው ፈተና እንዴት ያልፋል?» አለ። ሦስተኛው «ሰው ወለል ላይ ጥሎ የሚያርፍ ካፒቴን አንፈልግም» አለ። የመጀመሪያው «ይኸው አሳርፎ አድኖት የለም?» አለ። ሲከራከሩ ውለው ፈተናው እንዳልተደረገ ይቆጠር ተባለ። ባሌ አላለፈም፣ አልወደቀም፣ አልተፈተነም። ሰውዬውም እንዳልታመመ ይቆጠር መሰለኝ። ሦስተኛው ዕድል ተመለሰለት፤ ፈታኙም ሲድን ራሱ ይፈትነዋል።

ሊጠይቀው ሲሄድ አብሬው ሄድኩ። ተዋናዩ ሶፋ ላይ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፣ ከስቷል። ባሌ ከበሩ ላይ ሳይገባ «ካፒቴን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ።

«ለምኑ? ከፍታህ ስንት ነበር?»

«ልክ ነበር።»

«ፍጥነትህስ?»

«ልክ ነበር።»

«ታዲያ ምን አጠፋህ? ቁጭ በል።»

ባሌ አልተቀመጠም። «ሲወድቁ ሰምቼዎታለሁ፣» አለ። «ሰምቼ ፈገግ አልኩ።»

ሽማግሌው ትራሱ ላይ ቀና አለ። «እኔም ብሆን እስቅ ነበር፣» አለ። «ድሮም ማን እመነኝ አለህ? ግን ልንገርህ፣ በሚመጣው ጊዜም አላዘናጋህም አልልህም። መጽሐፉ ግድ ይለኛል።»

ሚስቱ ስኳር የሌለው ሻይ እየሰጠችኝ በጆሮዬ «የኔ እህት፣ ይሄ ሰውዬ መቃብር ወርዶም ጥልቀቱን ይጠይቃል» አለችኝ። ወደድኳት።

ከዚያ ወዲህ ባሌ ሌላ ሰው ሆነ። ወረቀቱን ከቁም ሣጥኑ ላይ ላጠው፤ ቀለሙም አብሮ ተላጠ፣ ይኸው እስካሁን እንደዚያው ነው። ኪሱ ውስጥ ከረሜላ መያዝ ጀመረ፤ ዩኒፎርሙን ስተኩስ ቀልጦ ካውያዬ ላይ ይጣበቃል። ልጅቷ ስታስነጥስ ካለበት ብድግ ይላል። አማቴ «ጉልበቴን» ሲሉ ጎንበስ ብሎ ያሽላቸዋል። አማቴ በሕይወታቸው ያን ያህል ታመው አያውቁም። እኔ እንኳ አንድ ቀን መርፌ ወግቶኝ «ውይ!» ብል ከመታጠቢያ ቤት ሳሙናው ሳይለቀው ሮጦ መጣ። ይህን ሰው ለማግኘት ሌላ ሰው ራሱን መሳት ነበረበት ማለት ነው።

የፈተናው ቀን አማቴ ሣጥናቸውን ከፍተው የትከሻ ምልክቱን ጭናቸው ላይ አኖሩት። ባሌ አመሻሹ ላይ መጣ። ጫማውን አወለቀ፣ እጁን ታጠበ፣ ገበታ ቀረበ። ፊቱ ላይ ምንም የለም፤ በረዶ ነዋ።

«እህስ?» አልኩት።

«ሳለ፣» አለኝ።

«ማን?»

«ካፒቴኑ። ማኮብኮቢያው ሊታየኝ ሲል ሳለ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ።»

«ታዲያ አንተ ምን አደረግክ?»

«ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ።»

ቀዩ ቁልፍ ሁሉን ነገር ቀጥ የሚያደርግ ነው። ለእውነተኛ አደጋ ካልሆነ የነካው ተፈታኝ የለም። አውሮፕላኑ ባለበት ቆመ፤ ጭጋጉም በመስኮቱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ባሌ ቀበቶውን ፈቶ፣ ከረሜላውን ከኪሱ አውጥቶ ዞረ። ተዋናዩ እስክሪብቶውን እንደያዘ፣ ዓይኑን እንዳፈጠጠ፣ ደልደል ብሎ ተቀምጧል።

«ምን ሆንክ?» አለው።

«እርስዎ ምን ሆኑ?»

«እኔማ እያዘናጋሁህ ነው።»

«ገብቶኛል።»

«ገብቶህ ነው ያቆምከው?»

«ከመቶ ዘጠና እጁ ገብቶኝ ነበር።»

«ቀሪውስ?»

«ለቀሪው ነው ያቆምኩት።»

ተዋናዩ ተቆጣ። «በቀኝህ ያቺው ረዳት ተቀምጣልሃለች እኮ! ለጌጥ ናት? ‹ዞረሽ እዪው› ብትላት ምን ነበረበት? ካፒቴን ማለት እሱ ነው!»

«ባለፈው ሁለታችንም አልዞርንም፣» አለው ባሌ።

ሽማግሌው የፈተናውን ቅጽ አወጣ አለኝ። ከዚያ መነጽሩን አስተካክሎ፣ መጽሐፉ በሚያዘው መሠረት፣ ወድቋል ብሎ ፈረመ። ከረሜላውን ግን ተቀብሎ ጎረሰው።

 እኔ የምሰድበው ስድብ አዘጋጅቼ ነበር፤ የት እንደገባብኝ እንጃ። ልጃችን ሳህኗን ታያለች። አማቴ የትከሻ ምልክቱን ሲያገላብጡ ቆይተው «በሳል?» አሉ።

«አዎ እማዬ።»

«ከሳልስ ጉልበቴ ይሻል ነበር።»

መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። ከዚያ ሁላችንም ተከተልን። ሳቃችን ሲያበቃ ወጥ ጨመርኩለት፤ ሌላ የምጨምርለት ነገር አልነበረኝም።

ተዋናዩ አሁንም ይፈትናል፤ ቁርሱን ሳይበላ ግን ሚስቱ ከቤት አታስወጣውም። ያቺ ወጣት ረዳት በበኩሏ አልፋ ካፒቴን ሆናለች፤ አንዳንድ ጊዜ በረራ ሲደርሳቸው በግራ እሷ፣ በቀኝ ባሌ ይቀመጣሉ። «እርስዎ» ትለዋለች፣ «እሺ ካፒቴን» ይላታል። ባለ አራት መስመሩ ምልክት አማቴ ሣጥን ውስጥ ነው። ባሌ ሦስት መስመር ለብሶ በቀኝ ወንበር እየሠራ ነው፤ ጡረታው ተቃርቧል። ዛሬ ጠዋት ወጥቷል። ለእራት እደርሳለሁ ብሏል።